የመርዶው ስድስት ቀን፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የአጥንት ሕክምና ክፍል የገጠመን ጉዳይ

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ በነርስነት ስሠራ ስላስታመምኳት አንዲት እናት ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ቢሆንም እሷን ለይተው የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬአለሁ ወይም ትቻለሁ።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። እኔም ከሰለጠኑት አንዷ ነኝ። በስልጠናው ሰላምታ መስጠትን፣ ስምን መናገርን፣ የታካሚን ገመና መጠበቅን ተማርን፤ ሁሉም ያስፈልጋል። ባሏ ሞቶ እሷ ግን ያላወቀች ሴት «እንዴት አደረ?» ብላ ስትጠይቅ ምን እንደሚባል ግን አልተማርንም። ምናልባት የሚማሩትም ነገር አይደለም፤ እኔ የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር፣ በፎገራ ሩዝ የሚታጨድበት ጊዜ። ባልና ሚስት ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነስተው ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ባልየው ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። እሷ፣ ዕድሜዋ ወደ 40 የሚጠጋ የአራት ልጆች እናት፣ ራሷን ስታ፣ የግራ ጭን አጥንቷ ተሰብሮ ደረሰች። የጭን አጥንት ሲሰበር ከ1 ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚሆን ደም እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ የእሷም የደም ግፊት ወርዶ ነበርና ሌሊቱን ደም ተሰጣት። ከጉልበቷ በታች ባለው አጥንት ፒን ገብቶ፣ ገመድና ክብደት ታስሮለት፣ እግሯ በትራክሽን ተሰቀለ። እንዲህ ያለ ታካሚ ለሳምንታት በጀርባው ነው የሚተኛው። የፒኑ ቦታ በየቀኑ ይጸዳል፣ ጀርባና ተረከዝ እንዳይቆስል ይታያል፣ ክብደቱ መሬት እንዳይነካ ይጠበቃል።

በማግስቱ ጠዋት የባሏ ታላቅ ወንድም ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ሌሊቱን አስከሬን ሲያስወጣ ያደረ ሰው ነው፤ ጋቢው ላይ አቧራ አለ። «ሲስተር፣ አደራ። እግሯ ሳይጠና እንዳትሰማ። ደንግጣ ትሞትብናለች። ልጆቹ ባንድ ሳምንት ሁለቱንም ወላጅ እንዳያጡ» አለኝ። «እሺ፣ ጋሼ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እግሯ አልነበረም። «የልጆቼ አባትስ?» አለች። ባሏን በስሙ ስትጠራው አንድም ቀን አልሰማኋትም። «ደህና ነው፣ ወንዶች ክፍል ተኝቷል» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። «ተመስገን» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ሌሊት ተኛች። የልብ ምቷ ረጋ ብሎ ሳየው ደግ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ።

በበነጋው ለቁርስ ከሻይ ጋር የመጣላትን ዳቦ ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። «ለሱ አድርሺልኝ። የሰው ቤት ምግብ አይስማማውም፣ ዳቦ ግን እምቢ አይልም።» ተቀበልኳት። ኮሪደሩን ይዤ እስከ ወንዶች ክፍል በር ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ስደርስ የምሄድበት ጠፋኝ። አባቱን የሚያስታምም አንድ ትንሽ ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበርና ለሱ ሰጠሁት። ተመልሼ «ሰጠሁት» አልኳት፤ እሱስ እውነት ነበር። በሚቀጥለውም ጠዋት ቆረሰች።

እየቆየም ጥያቄው በዛ። ቁስሉ የት ላይ ነው? ይነሳል? ስለ እኔ ይጠይቃል? ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። እጁ ላይ ትንሽ እንደተጫረ፣ ገና መነሳት እንዳልተፈቀደለት ነገርኳት። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ከተቀበረ በኋላ እኔ ቁስል ሳወጣለት ነበር።

በዚህ መሃል ዘመዶቿ ይመላለሱ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው አስተካክለው ይለብሱና ፈገግ ብለው ይገባሉ። የባሏ እህት ፀጉሯን ተላጭታ ስለነበር ሻሽ ጠቅልላ ነበር የምትመጣው። ከሁሉ የከበደኝን ነገር ግን ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ የታላቋ ልጅ፣ የ14 ዓመቷ፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ አባቷ እንዳለ ታወራ ነበር። እንድታወራ ታዝዛ ነበር።

በአራተኛው ቀን ታካሚዬ መብላት አቆመች። ሌሊት አትተኛም፤ የልብ ምቷ በደቂቃ 118 ደረሰ፤ ትኩሳት የላትም፣ የፒኑ ቦታ ደህና ነው። ካርዷ ላይ «ምግብ እምቢ ትላለች፣ አትተባበርም» የሚል ጽሑፍ አለ። የእጅ ጽሑፉ የኔው ነው።

ያን ጠዋት ዳቦውን አልቆረሰችም። ፋሻውን ስቀይር ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ «ልጄ፣ ዳቦውን በልቶታል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷ ግን ቀጠለች፦ «እኛ አገር አሁን አጨዳ ነው። ሩዝ ደርሶ ማሳ ላይ እየረገፈ፣ እግሯ ለተሰበረ አንዲት ሴት ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ አይመጣም። ሰው በአጨዳ ማሳውን ጥሎ የሚወጣው ለለቅሶ ነው።»

ከእሷ አልደበቅነውም ማለት ነው። ብቻዋን እንድታውቀው ነበር ያደረግናት።

በዚያች ሰዓት ያልኩት ነገር ከሁሉ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያው ቀን ማለት የነበረብኝ ነው፦ «ስለ እሱ የሚነግሩሽ ዘመዶችሽ ናቸው። ዛሬ አነጋግራቸዋለሁ። ሲመጡ እኔም አብሬሽ እሆናለሁ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጮኸችም። እግሯ ባይታሰር ኖሮ መላ ሰውነቷን ታዞር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ባሏ ወንድም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። «ደንግጣ ትሞታለች» ማለቱን ብዙ ባልደረቦቼ እንደ ኋላ ቀርነት ያዩታል፤ እኔ አላየውም። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ታኮትሱቦ ብለው የገለጹት የልብ ሕመም አለ፤ ድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የልብን ጡንቻ ለጊዜው አድክሞ ልብ ድካም እስከማምጣት የሚደርስበት ሁኔታ ነው። ደግሞም ከጭን አጥንት ስብራት በኋላ ባሉት ከ24 እስከ 72 ሰዓታት ከቅልጥም የሚወጣ ስብ ከደም ጋር ሄዶ ሳንባ ላይ ሊከማች ይችላል፤ ደሟም ገና አልሞላም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መርዶን ጥቂት ቀን ማቆየት ጥንቃቄ ነው። ለአራስ፣ ለበሽተኛ፣ ለመንገደኛ መርዶ ቶሎ አለመንገር ከአባቶቻችን የመጣ ማስተዋል ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማቆየትንና መዋሸትን አንድ አደረግኋቸው። «ቆይ» የተባለ ሰው የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ራሱንም ቀስ በቀስ ያዘጋጃል። የተዋሸ ሰው ግን ሲያውቅ ሁለት ነገር ያጣል፤ ሟቹንና ያመነውን ሰው።

የክፍላችን ኃላፊ ነርስ የባሏን ወንድም ጠርታ አስቀመጠችው። እኔ «መብቷ ነው» የሚል ንግግር ይዤ ነበር። እሷ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ «ቤቷ ብትሆን ኖሮ እንዴት ነበር የምትነግሯት?»

ሰውየው ወዲያው ዘረዘረው። ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱ ይረዝማል። ንጋት ላይ፣ ወፍ ሲንጫጫ ነው። የነፍስ አባቷ ይኖራሉ። እናቷ ትኖራለች፣ ክንዷን የሚይዝ ጠንካራ ሰው ይኖራል። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፤ ጩኸቱን ሲሰማ ግር ብሎ ይገባል። ከዚያም ብቻዋን አትተውም። ኃላፊዋ አንድ በአንድ ጻፈችው። ስትጨርስ «እንግዲህ ይህንኑ እዚህ እናድርገው» አለችው። የሰውየው ትከሻ ሲወርድ አየሁ። እሱም ለካ አደራውን ለብቻው ተሸክሞት ነበር።

በጉዳዩ ውስጥ እንደ ነርስ የምኮራበት ክፍል ይኼ ዝግጅት ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። በእኛ አገር መርዶ የሰማ ሰው ደረቱን ይመታል፣ ፊቱን ይነጫል፣ መሬት ላይ ራሱን ይጥላል። እግሯ በክብደት የተሰቀለች ሴት ይህን ብታደርግ ፒኑ አጥንቷን ሊሰነጥቅ፣ ስብራቱ ሊንሸራተት ይችላል። «አታልቅሺ» ልንላት አንችልም፤ ማለትም የለብንም። ስለዚህ እግሯን ጠብቀን ሐዘኗን እንልቀቀው አልን። የአጥንት ሐኪሙን አማክረን የሕመም ማስታገሻዋን ከመርዶው ግማሽ ሰዓት አስቀድመን እንድንሰጣት ታዘዘ። የአልጋው የጎን ብረት ከፍ ይደረጋል፤ የጉሉኮስ መስቀያው ይርቃል፤ ሁለት ነርሶች እግሯ ጋ እንቆማለን፤ አንዳችን ጉልበቷን፣ አንዳችን ገመዱንና ክብደቱን እንይዛለን። ኦክስጅንና የደም ግፊት መለኪያ በቅርብ ይኖራል።

ክፍሉ ባለ ስምንት አልጋ ነው። ወደ ብቸኛ ክፍል እናውጣት ወይ ብለን ተነጋገርን። ኃላፊዋ «ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል ብሎናል እኮ» አለች። ማታውን የሰባቱን ታካሚዎችና የአስታማሚዎቻቸውን ፈቃድ ጠየቅን። እምቢ ያለ አልነበረም። ዳሌዋ ተሰብሮ የተኛች አንዲት ባልቴት «እኛ አለን፣ ልጄ» አለችኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ቄሱ፣ እናቷ፣ የባሏ ወንድም፣ ልጅቷ። ያኔ ነጠላቸውን በሩ ላይ አላስተካከሉም፤ እንዳዘቀዘቁት ገቡ። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ነው የጮኸችው።

ጉልበቷን ይዤ ስለነበር ሐዘኗ በእጄ ነው የመጣው። ጡንቻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲወጠር፣ ሲላላ ይሰማኝ ነበር። ባልቴቷ ከአልጋዋ ላይ ሆና ደረቷን እየመታች አብራት አለቀሰች፤ አስታማሚዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋዋን ከበቡት። ያ ክፍል የለቅሶ ቤት ሆነ። ከአጠገብ ክፍል የመጣ አንድ ተረኛ «ዲያዜፓም ስጧትና ትተኛ» አለ። ኃላፊዋ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ማስተኛ መድኃኒት ለሐዘኑ ብሎ መስጠት እንደማይገባ መክሯል። እኛ ክፍል ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ መርፌው ብዙ ጊዜ የሚወጋው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ጩኸቱ ለከበደን ለእኛ ነው።

ጩኸቱ ወደ ሙሾ ተለወጠ። ከተናገረችው አንዱን ብቻ ልጻፍ፤ እሷም ጻፊው ብላኛለች።

ዳቦዬን ቆርሼ ስልክልህ ሰንብቼ፣
አፈር ለብሰህ ኖሯል እኔ አልጋ ተኝቼ።

ገመዱን የያዘችው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ። እጄን ከጉልበቷ ላይ ማንሳት ስለማልችል እንባዬን አልጠረግሁም።

ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ትንፋሿ ፈጥኖ በደቂቃ 30 ደረሰ። ይህን ለማንም ነርስ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሐዘን ላይ ያለ ታካሚ ሲያለከልክ «ሐዘን ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ለቀናት ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ምልክቱም ማለክለክ፣ የልብ መፍጠን፣ ጭንቀት ነው። ስለዚህ ኦክስጅኗን ለካን፣ 95 በመቶ ነበር፤ ባቷ አላበጠም፤ ደረቷን ሐኪም አዳመጠ። ትንፋሿም ቀስ በቀስ ወረደ። ያኔ ነው ሐዘን ነው ያልነው።

ምግብ ያበላናትም እኛ አይደለንም። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር የነፍስ አባቷ «ለበሽተኛ ጾም የለበትም» ብለው ፈቱላት። የባልቴቷ ልጅ ደግሞ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ትሪ እያስቀመጥኩ «ብዪ እንጂ» ስላት የከረምኩት ሴት አፏን ከፈተች። ሐዘንተኛ ራሱ አይጎርስም፣ ይጎርሳል እንጂ ሲያጎርሱት፤ ይህን እናቴ ቤት ሳውቀው ሥራ ቦታ ግን ረስቼው ነበር።

ማታ ዘመዶቿ ለሰባቱ ዝግጅት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልጅቷ ብቻ ቀረች፣ አልጋው ስር ባለው ፍራሽ ላይ። ከለቅሶ ሁሉ የሚከብደው ይህ ሌሊት ነው፤ ቀን ብዙ ሰው ስላየን «ሰው አላት» ብለን የምንረሳው ሌሊት። ለጠቅላላው ክፍል ሁለት ነርሶች ነበርን። ባልደረባዬ ሌሎቹን ልትይዝልኝ ተስማማችና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነቅታ ነበር።

«ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በዪኝ» አልኳት።

ብዙ ዝም አለች። «ዳቦውን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

«አባቱን ለሚያስታምም አንድ ልጅ ሰጠሁት።»

«በላው?»

«እያየሁት በላው።»

«እሰይ» አለች። ከዚያ ስለ ባሏ ታወራኝ ጀመር፤ ጭቃ ውስጥ ሩዝ ሲተክል ስለሚያንጎራጉረው፣ ላሟ ከእሱ በቀር ለማንም ወተት ስለማትለቅ፣ ያን ዕለት ወደ ባሕር ዳር እንሂድ ያለችው እሷ ስለመሆኗ። በመጨረሻው ላይ ድምፅዋ ጠፋ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ሊመለስላት የፈለገችው ጥያቄ አልነበረም፣ የሚሰማት ጆሮ ነበር የፈለገችው። እጇን ያዝኩ። የተቀመጥኩት 40 ደቂቃ ያህል ነው።

ስነሳ ልጅቷ ፍራሹ ላይ ዓይኗን ገልጣ አገኘኋት። ስድስት ቀን ያወቀችና እንዳታለቅስ የታዘዘች ልጅ። ለእሷ ያዘጋጀነው ምንም አልነበረም፤ ካርድ የላትም፣ አልጋ ቁጥር የላትም፣ ስለዚህ በሐሳባችን አልነበረችም። ኮሪደር ላይ አወጣኋትና «አንቺስ?» አልኳት። እዚያው ግድግዳው ስር ኩርምት ብላ አለቀሰች። ይህን ጥያቄ ስድስት ቀን ማንም ሳይጠይቃት መክረሙ ከራሴ ውሸት ባልተናነሰ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ተከታዮቹ ሳምንታት እንደ ትምህርታችን አልሄዱም። በትምህርት ቤት አምስት የሐዘን ደረጃዎችን ሸምድደናል፤ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበቻቸው፣ መጀመሪያ የታዩትም በሞት አፋፍ ላይ ባሉ በሽተኞች እንጂ ሰው በሞተባቸው ላይ አልነበረም። የኔ ታካሚ በደረጃ አልሄደችም። ጠዋት ስታለቅስ ቆይታ ረፋድ ላይ ስለ ሩዙ ዋጋ ከአማቿ ጋር በስልክ ትከራከራለች፤ ማታ ደግሞ ታለቅሳለች። ሽትሮበና ሹት የተባሉ በኔዘርላንድ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ሐዘን እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መሆኑን ጽፈዋል፤ አንዴ ወደ ሟቹ፣ አንዴ ወደ ቀረው ኑሮ። ይህን ባላውቅ ኖሮ በስልክ ስትከራከር ባየኋት ጊዜ «ረሳችው»፣ መልሳ ስታለቅስ ደግሞ «ባሰባት» እል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ 6 ወር ካለፈና ሰውን ከኑሮው ካገደ፣ የማኅበረሰቡም ወግ ከሚጠብቀው በላይ ከሆነ ነው። እሷ እዚያ አልደረሰችም። እንቅልፏ ተመለሰ፣ የልብ ምቷ ከ90 በታች ወረደ፣ ጀርባዋ ሳይቆስል ሳምንታቱ አለፉ።

አርባው ሲደርስ እግሯ ገና ትራክሽን ላይ ነበር። ተዝካሩ ያለ እሷ ተበላ፤ በዚህ በጣም ከፋት፣ እኛም ልናደርግላት የምንችለው አልነበረም። በማግስቱ ልጅቷ ከተዝካሩ የተረፈ አንድ ትልቅ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ ከፎገራ ይዛ መጣች። እናትየዋ አልጋዋን ከፍ እንዳደርግላት ጠየቀችኝና ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ ለስምንቱም አልጋ ቆረሰችው። ከዚያ አንድ ቁራሽ ለይታ ሰጠችኝ። «ያ ልጅ አሁንም ካለ» አለችኝ።

አባቱ ድኖ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። እንደወጡ ነገርኳት። «እንግዲያው አንቺ ብዪው» አለችኝ፤ እዚያው ፊቷ ቆሜ በላሁት።